ካርል ሊኒየስና የደንገል ሁለተኛ ስም

ከሹም አቦ ወደ ጣና ዳር ወረድ ያለ ሰው ሁሉ ደንገልን ያውቀዋል፤ ታንኳው የሚሠራው ከሱ ነውና። በባዮሎጂ መጽሐፍ ግን ስሙ ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ስም ለፈተና ስንል ብቻ ሸምድደነዋል። ለምን በላቲን ሆነ? መልሱ ያለው ስሙን ባወጣው ሰው ሕይወት ውስጥ ነው።

ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1707 በደቡብ ስዊድን ገጠር ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ። ያን ጊዜ የዚያ አገር ገበሬ ልክ እንደኛ በአባቱ ስም ይጠራ ነበር እንጂ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። አባትየው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ግን በቤተሰቡ መሬት ላይ በቆመ ትልቅ የሊንደን ዛፍ ሊኒየስ የሚል የላቲን ስም ለራሳቸው አወጡ።

ወላጆቹ ካርልም እንዲቀስስ ይመኙ ነበር። የልጁ ልብ ግን ከሜዳው አበባ ላይ ነው። መምህራን ለቅስና ትምህርት እንደማይሆን ለአባቱ ሲነግሯቸው፣ ዮሐን ሮትማን የሚባሉ ሐኪምና መምህር ጣልቃ ገቡ። ሕክምና እንዲማር አባቱን አሳመኑ፤ በቤታቸውም ስለ ዕፅዋት አስተማሩት። ያ ለቅስና አይሆንም የተባለ ልጅ በ1741 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዘመኑ የአንድ ተክል ስም ዓረፍተ ነገር ያህል ይረዝም ነበር። ሊኒየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ብቻ ሰጠው። የፊተኛው ወገኑን፣ የኋለኛው ዝርያውን ያመለክታል። የኛን ስም ከነአባት ስም ይመስላል፤ ልዩነቱ የወገኑ ስም መቅደሙ ነው።

ላቲን የተመረጠው የአውሮፓ ሊቃውንት አገራቸው ቢለያይም የሚጽፉበት ቋንቋ ስለነበረ ነው። ግዕዝን እናስብ፤ ገበያ ላይ አይነገርም፣ የጎጃምና የትግራይ ሊቅ ግን ይግባባበታል። ማንም በየቀኑ ስለማይናገረው የቃሉ ትርጉም ቶሎ አይለዋወጥም፣ የአንዱ አገር ቋንቋ ከሌላው በለጠ የሚል ቅሬታም አይነሳም። የኛው ብሳና በኦሮምኛ መካኒሳ፣ በትግርኛ ታምቡክ ነው። ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ከተባለ ግን የትም አገር ያለ ተመራማሪ ዛፉን አይስተውም።

ይሁን እንጂ ስሙ ሁሉ እውነት ይናገራል ማለት አይደለም። ቡናን ኮፊያ አራቢካ ያለው ራሱ ሊኒየስ ነው። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በዐረብ አገር በኩል ስለነበር የዚያ ተክል መሰላቸው። የበቀለበት ጫካ ግን የኛው ደቡብ ምዕራብ ነው። በደንቡ መሠረት ቀድሞ በትክክል የወጣ ስም፣ የተሳሳተ አገር ቢጠቅስም በዚያ ምክንያት አይለወጥምና እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ሊኒየስ በ1778 በሰባ ዓመቱ አረፈ።

እኛም ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ከላቲኑ በፊት ልጆቹ ተክሉን ምን ብለው እንደሚጠሩት እንጠይቅ። ቡናስ ለምን አራቢካ ተባለ የሚል ተማሪ ቢነሳ መልሱ አይጥፋን። ልቡ ከመስኮቱ ውጪ አበባ ላይ የሆነ ልጅ ካለም፣ አይሆንም ከማለታችን በፊት መምህር ሮትማንን እናስታውስ።