ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአውሮፓ ሐዲዶች

የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1903 ዓ.ም. ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ወደ ለንደን ሲጓዙ፣ የጅቡቲው ሐዲድ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የመንገዱ መጀመሪያ የበቅሎ ጉዞ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ግን ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር ከመዲናዪቱ በባቡር ተነሡ። በአውሮፓም ከፓሪስ ብራስልስ፣ ስቶክሆልምና ሮማን የመሰሉ ከተሞችን ያገናኘላቸው በአብዛኛው ባቡር ነው። ይህን ጉዞ «ደስታና ክብር» በተሰኘው መጽሐፍ አቆዩት፤ መጽሐፉን እንደ ተራ የመንገድ ማስታወሻ ማለፍ አግባብ አይመስልም፤ በአንድ ትውልድ ከበቅሎ ወደ ባቡር የተሻገረ መንግሥት ዓለምን እንዴት እንዳየ ይመሰክራልና። በ1928 ዓ.ም. በዚያው የጅቡቲ ሐዲድ ለስደት ወጡ። በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ አገራቸው የተመለሰው አፅማቸው ነው።