ኢሞጀን ካኒንግሃምና የጓሮዋ አበባዎች

ውድ ተማሪዎች፣ በየቀኑ በአጠገቡ የምታልፉትን አንድ አበባ ቆም ብላችሁ ውስጡን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ብዙ ሰው አበባን በሩቁ አይቶ ቀለሙን ያደንቃል፤ መዓዛውን አሽትቶ ያልፋል። ቀርቦ እምብርቱን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዷ አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ኢሞጀን ካኒንግሃም ነበረች። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ታሪክ፣ ይህች ሴት ከቤቷ ርቃ መሥራት ባልቻለችበት ዘመን ከጓሮዋ አበባዎች ምን እንዳገኘች ያስረዳችኋል። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ኢሞጀን በ1883 በአሜሪካ፣ በኦሪጎን ግዛት በምትገኘው በፖርትላንድ ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በሲያትል ነው። በ1901 የመጀመሪያ ካሜራዋን በፖስታ አስመጥታ ጥቂት ጊዜ ከሞከረች በኋላ ሸጠችው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በመማር ላይ ሳለች በ1906 የጌርትሩድ ኬዝቢርን ሥራዎች ማየቷ ግን ፍላጎቷን እንደገና ቀሰቀሰው። ጌርትሩድ በዚያን ዘመን ስመ ጥር የሆነች ሴት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። ኢሞጀን በዩኒቨርሲቲው ያጠናችው የትምህርት ዓይነት ኬሚስትሪ ሲሆን፣ ለትምህርቷ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከፊሉን ያገኘችው ለዕፀዋት ትምህርት ክፍል ፎቶግራፍ በማንሳት ነው። ያ ሥራ በጊዜው የትምህርት ክፍያ መሸፈኛ ከመሆን ያለፈ አይመስልም ነበር። ዋጋው የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1907 ከተመረቀች በኋላ፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ፎቶግራፍ በማንሳት በታወቀው በኤድዋርድ ከርቲስ ስቱዲዮ ተቀጥራ በፕላቲነም የማተምን ጥበብ ተማረች። በ1909 የትምህርት ዕርዳታ አግኝታ ወደ ጀርመን አገር በመሄድ በድሬስደን ከተማ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪን አጠናች። በ1910 ወደ ሲያትል ተመልሳ የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች። በዚያን ጊዜ የምታነሳቸው ፎቶግራፎች፣ እንደ ዘመኑ ልማድ፣ ሆን ተብሎ የደበዘዙና የቀለም ሥዕል የሚመስሉ ነበሩ።

በ1915 ሮይ ፓርትሪጅ የተባለ ሠዓሊ አገባች፤ በዚያው ዓመትም የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በ1917 ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ግዛት ተዛወረ፤ በዚሁ ዓመት ደግሞ መንታ ወንዶች ልጆች ተወለዱላት። እስቲ የዚህችን ሴት ኑሮ አስቡት። ስቱዲዮዋ ተዘግቷል፤ ደንበኞቿ በሩቅ ከተማ ቀርተዋል፤ ሦስት ሕፃናት እጇን ይጠብቃሉ። ባሏ ከ1920 ጀምሮ በኦክላንድ ከተማ በሚልስ ኮሌጅ ሲያስተምር፣ የቤቱና የልጆቹ ኃላፊነት በአብዛኛው የወደቀው በእርሷ ላይ ነበር። ባሕር ተሻግራ የተማረችው ሙያ ከንቱ ሊቀር የተቃረበ መሰለ።

ኢሞጀን ግን ሙያዋን አልተወችም። ወደ ሩቅ መሄድ ባትችል ካሜራዋን ወደ ቅርቡ መለሰች። ልጆቿን እየጠበቀች፣ በጓሮዋ የተከለቻቸውን አበባዎችና ቅጠሎች አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ታነሳ ጀመር። አበባን ከቅርብ ፎቶግራፍ ማንሳት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። ካሜራ ወደ አንድ ነገር እጅግ በቀረበ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ያንሳል፤ የፊተኛው ቅጠል ጎልቶ ሲታይ የኋለኛው ይደበዝዛል። ይህን ለማቃናት የሌንሱን የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ማጥበብ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ የሚገባው ብርሃን ስለሚያንስ ሌንሱ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት አለበት። በዚህ መካከል ጥቂት ነፋስ ነፍሶ አበባውን ቢያወዛውዘው ምስሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራው ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንም ይጠይቃል።

ኢሞጀን ከ1923 እስከ 1925 ድረስ ማግኖሊያ የሚባለውን ነጭ አበባ ደጋግማ አጠናች። ከዚህ ጥናት የተገኘው የ1925 ፎቶግራፍ ዛሬም ከዝነኛ ሥራዎቿ አንዱ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ዛፉም ሆነ ጓሮው አይታይም። የፈኩት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች ምስሉን ሞልተውታል፤ በመካከላቸውም የአበባው የወንዴና የሴቴ ክፍሎች እንደ ተቀረጸ ሐውልት ቆመዋል። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ ተመልካቹ በቀለም ሳይማረክ የአበባውን ቅርጽ፣ ብርሃኑንና ጥላውን ያስተውላል። ሥራዎቿ እጅግ ጥርት ያሉ ስለነበሩ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ተጠቅመውባቸዋል። በወጣትነቷ ለክፍያ መሸፈኛ የሠራችው ሥራ አሁን ፍሬ አፈራ።

በ1929 በጀርመን አገር በስቱትጋርት ከተማ ታላቅ የፊልምና የፎቶግራፍ ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ኤድዋርድ ዌስተን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ የኢሞጀንን 10 ፎቶግራፎች መርጦ እንዲቀርቡ አደረገ። መለከት የመሰሉ ሁለት የካላ አበባዎች የሚታዩበት ሥራዋም በዚያ ለሕዝብ ቀረበ። በ1932 ከዌስተንና ከአንሰል አዳምስ ጋር ኤፍ/64 የተባለውን ቡድን መሠረተች። ይህ ስም የሌንስን እጅግ ጠባብ ቀዳዳ የሚያመለክት ሲሆን፣ የቡድኑም ዓላማ ፎቶግራፍ የቀለም ሥዕልን መምሰል ትቶ ያለውን ነገር አጥርቶ እንዲያሳይ ማድረግ ነበር።

የኢሞጀን ጽናት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ1934 ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔት በኒው ዮርክ እንድትሠራለት ሲጠይቃት፣ ባሏ አብሯት መሄድ እስኪችል እንድትቆይ ፈለገ። እርሷ ግን ጉዞዋን አላዘገየችም፤ በዚያው ዓመት ትዳራቸው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በሙያዋ እየሠራች፣ ወጣቶችንም እያስተማረች ኖረች። ዕድሜዋ ከ90 ካለፈ በኋላ እንኳ፣ እንደ እርሷ ያረጁ ሰዎችን ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመረች። በ1976 በ93 ዓመቷ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዐረፈች፤ የሽማግሌዎቹና የአሮጊቶቹ ፎቶግራፎች በመጽሐፍ የታተሙት በተከታዩ ዓመት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ የኢሞጀን ካኒንግሃም ጓሮ ከጎረቤቶቿ ጓሮ የተለየ አልነበረም። ማግኖሊያውንም ሌላ ሰው ያላየው ብርቅ አበባ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ልዩነቱ አንዱን አበባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትሰለች መመልከቷ ነው። የምትሠሩበት ቦታና የምታገኙት ጊዜ ጠቦ ባስጨነቃችሁ ጊዜ፣ በእጃችሁ ያለውን ነገር በሚገባ አይታችሁት እንደሆነ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።