ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ወደ መንዝና ወደ ግሼ ደጋ የወጣ መንገደኛ በገበያ ቀን ከሚያያቸው ዕቃዎች አንዱ ባና ነው። አገሩ ብርዳም በመሆኑ ሕዝቡ በግ ያረባል፤ ሴቶች ጠጉሩን አባዝተው ይፈትላሉ፤ ሸማኔው የተፈተለውን ይሠራል። ጥቁሩ ከነጩ ጋር እየተፈራረቀ፣ አንዱ መስመር ሰፍቶ ሌላው ጠብቦ ይወርዳል። ሻጩ ባናውን በትከሻው ላይ ዘርግቶ ያቆመዋል፤ ገዢውም ጠጋ ብሎ ይዳስሰዋል፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎም ያየዋል። መስመሩ ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ግን የለም። ሰውም፣ ዛፍም፣ ፈረስም አይመስልም፤ እንዲመስል የሚጠብቅም የለም። የሚጠየቀው ማማሩና መጠንከሩ ብቻ ነው።

ይኸው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግን አስተያየቱ ይለወጣል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን በነጩ ፈረስና በዘንዶው ያውቃል። ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ሲመለከት፣ ከሓዲው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዐይኑ ብቻ እንደሚታይ ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል። የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ሥዕሉ የተሣለው ለጸሎትና ለትምህርት እንጂ የሠዓሊውን ሙያ ለማስመስከር አይደለምና።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ በእነዚህ በሁለት አስተያየቶች መካከል የተፈጸመ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስለ ሞቱበት የእናት ፍቅር ሳይጠግብ አደገ። የቀለምን ነገር በመጀመሪያ ያየው በአባቱ እጅ ነው። ሐረር ደግሞ ራሷ ዐይን የምታስተምር ከተማ ናት። የሐረሪዎች ቤት ግድግዳ በልዩ ልዩ ቀለም በተሰፉ ስፌቶች የተሸፈነ ነው፤ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ቢጫው ከጥቁሩ ጋር በማዕዘንና በክብ እየተያያዘ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሰቀላል። እንግዳ ሲመጣ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ያንን ያያል። ይህ፣ የሥዕል ትርኢት የሚባለው ነገር በአገራችን ከመታወቁ በፊት የነበረ፣ የቤት እመቤቶች ትርኢት ነው። ገብረ ክርስቶስ ይህን እያየ ለማደጉ ጥርጥር የለውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በሐረር ከተከታተለ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃን ተማረ፤ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። ነገር ግን ልቡ ከሥዕል ስላልተለየ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲን ደጅ የረገጠ ወጣት የወደፊት ሹመቱ እንደ ተቈረጠ ይቈጠር ነበርና፣ ይህን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን መነሣት ለብዙ ዘመድ የሚዋጥ ነገር አልነበረም።

በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሳ ገና በመታነፅ ላይ ያለች ከተማ ነበረች። ስለ ሥዕልም ቢሆን ጀርመኖች ከባድ ትዝታ ነበራቸው። የናዚ መንግሥት በ1937 በሙኒክ ከተማ አንድ ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር፤ የዘመናዊ ሠዓሊዎችን ሥራ ከየቤተ መዘክሩ ሰብስቦ ሕዝብ እንዲስቅባቸው በግድግዳ ላይ በዘበት ሰቀላቸው። ትርኢት ሥዕልን ለማክበር ብቻ ሳይሆን ለማዋረድም እንደሚያገለግል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ከጦርነቱ በኋላ ግን ተንቀው የነበሩት ሥዕሎች እንደገና ወደ ክብራቸው ተመለሱ፤ በተለይም ረቂቅ ሥዕል፣ ይኸውም የሰውን ወይም የዕቃን መልክ ሳይከተል በቀለምና በቅርፅ ብቻ የሚናገረው ሥዕል፣ የነፃነት ምልክት ሆኖ ይታይ ጀመር። ገብረ ክርስቶስ የተማረው በዚህ ዘመን ነው። ትምህርቱንም በማዕርግ ፈጽሞ በዚያው በኮሎኝ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ።

በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። ያን ጊዜ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሪነት በ1958 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገና ለጋ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በዚህ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ገባ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1963፣ ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ሕዝብ አቀረበ።

የሕይወቱ ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ የለመደው ሁለት ዓይነት ሥዕል ነበር፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው እንደ ፎቶግራፍ መልክን አስመስሎ የሚሣለው ነው። በገብረ ክርስቶስ ሸራ ላይ ግን ብዙዎች የሚያውቁትን መልክ ፈልገው አጡ። በዚሁ ዓመት የሣለው ጎልጎታ የተባለው ሥዕል የክርስቶስን ስቅለት ያሳያል፤ ነገር ግን በመቅደስ ግድግዳ እንደሚታየው ስቅለት አልነበረም። ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ሸራውን ሞልቶታል፤ ሕማሙ የሚነበበው ከፊት መልክ ሳይሆን ከቀለሙ ነው። ስለዚህ ክርክር ተነሣ። ይህ ሥዕል የኢትዮጵያ አይደለም፤ ከአውሮፓ የተቀዳ ነው፤ ሕዝቡም አይረዳውም ተባለ። 

እነዚህ ሁለት ነቀፋዎች አንድ መስለው ቢነገሩም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነቀፋ የመንዙን ባና፣ የሐረሩን ስፌት፣ የመሶቡንና የጥበቡን ጥለት የረሳ ይመስላል። መልክ የሌለው ቀለምና መስመር ለኢትዮጵያ ሰው ዐይን ባዕድ ሆኖ አያውቅም፤ ባዕድ የሆነው በሸራ ላይ ሆኖ፣ በክፈፍ ተከቦ፣ ስምና ዋጋ ወጥቶለት በግድግዳ ላይ መሰቀሉ ነው። ሁለተኛው ነቀፋ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ትርኢቶቹ ይቀርቡ የነበሩት በከተማው አዳራሾች፣ በትምህርት ቤቱና በውጭ አገር የባህል ተቋማት ነበር፤ ከተመልካቾቹም ብዙዎቹ የተማሩ የከተማ ሰዎችና የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ። ባናውን የሠራው ሸማኔ ወደዚያ አዳራሽ የሚገባበት ምክንያት አልነበረም። ይህ ጉድለት የገብረ ክርስቶስ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ሠዓሊዎች ሁሉ ነው። በዚያው በ1932 በአንኮበር የተወለደው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም የመጀመሪያ ትርኢቱን በ1954 ያቀረበው በዚያው በአዲስ አበባ፣ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር፤ የአንኮበር ገበሬ አላየውም።

ገብረ ክርስቶስ ለነቀፋው መልስ የሰጠው ሥራውን በመቀጠል ነው። ረቂቅ ሥዕልን አልተወም፤ የሰውን መልክና ኑሮ የሚያሳዩ ሥራዎችንም ከመሣል አልተከለከለም። በግጥሙም እንዲሁ ነበር። ሀገሬ የተሰኘው ግጥሙ በብዙ ሰው ቃል ተጠንቶ ይነበባል፤ ከተለመደው የአማርኛ ግጥም አካሄድ ወጥቶ የጻፋቸውም አሉ። ሥዕሉን ያልወደዱ ሰዎች ግጥሙን ሲወዱ ማየት ምናልባት አስገርሞት ይሆናል፤ ሁለቱ ከአንድ እጅ የወጡ ነበሩና። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ዓመት ነበር። ሽልማቱ ክርክሩን ባይዘጋውም፣ ረቂቅ ሥዕል በአገሩ ላይ የመታየት መብት እንዳለው አስታወቀ።

የመምህርነት ሥራው ከሥዕሉ ያነሰ አልነበረም፤ እንዲያውም በእኔ አስተያየት ነቀፌታውን ያሸነፈው በዚህ ነው። ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ሥራ በግድግዳ ላይ እየሰቀለ ለሕዝብ የማሳየት ልማድ ነበረው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪው በክፍል ውስጥ ሥራውን የሚያየው መምህሩና ጓደኛው ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። በትርኢት ቀን ግን የማያውቀው ሰው ይመጣል። ከሥዕሉ ፊት ይቆማል ወይም ሳይቆም ያልፋል። ሠዓሊው ጥጉን ይዞ ቆሞ ይህንን ሁሉ ያያል፤ ማስረዳት አይችልም፤ ሥዕሉ ብቻውን መናገር አለበት። በ1963 ይህንን በራሱ ላይ ያየ መምህር ለተማሪዎቹ ምን ያህል ጠቃሚ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በ1972 ከትምህርት ቤቱ የተመረቀው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ለሥራው መሠረት ያደረገው የራሳችንን ፊደል ነው። ፊደሉ ቃል መሆኑን ትቶ መስመርና ቅርፅ ሆኖ በሸራ ላይ ይታያል። በገብረ ክርስቶስ ዘመን ከአውሮፓ የተቀዳ ነው የተባለው መንገድ፣ በተማሪው ዘመን ከሀ እስከ ፐ ያለውን የግእዝ ፊደል ይዞ በዓለም አዳራሾች ታየ።

በ1974 አብዮት ፈነዳ። አዲሱ መንግሥት ሥዕል ለቅስቀሳ እንዲውል ፈለገ፤ ገበሬው፣ ሠራተኛውና ወታደሩ ጎልተው የሚታዩበት ሥዕል ተፈላጊ ሆነ። ለረቂቅ ሥዕል ዘመኑ አመቺ አልነበረም። ሥራው አንድ ጊዜ ለሕዝብ ባዕድ ነው ተብሎ የተነቀፈ ሠዓሊ፣ የሕዝብ ስም ከሁሉ በላይ በሚጠራበት ዘመን መቆም ከባድ ሆነበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ አገሩን ለቅቆ ወጣ። ሥዕሎቹም አብረውት ተበተኑ፤ አንዳንዱ በአገር ውስጥ በየሰው ቤት፣ አንዳንዱ በጀርመን፣ አንዳንዱም በሌላ አገር ቀረ። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ስደት የለም፤ ደራሲ ቢሰደድ የመጽሐፉ ሌላ ቅጂ በአገሩ ይቀራል፤ የሥዕል ግን ያው አንዱ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኦክላሆማ ግዛት፣ ላውተን በተባለች ከተማ ተቀመጠ። ሜዳማ፣ ነፋስ የሚበዛበት፣ የወታደር ሰፈር ያለበት አገር ነው። እዚያም በ1981 በመጋቢት ወር፣ ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። የሞቱ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ የሐረሩን ልጅ ሥራ አንድ ላይ ሰብስቦ የሚያሳይ ቤት በአገሩ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ቤት የተገኘው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በጀርመን ቀርተው የነበሩት ሥዕሎቹ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለሱ ተደርጎ፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ከስድስት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም ተከፈተ። ሥዕሎቹ ለዓመታት ባዕድ አገር ከርመው ስለ ነበር አስቀድሞ በጀርመን ባለሙያዎች እጅ ታደሱ። ቤተ መዘክሩ የእርሱን ሥራ ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፤ በሕይወት ያሉ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎችም ሥራቸውን በየጊዜው አሳይተውበታል። ያስተማረበት ትምህርት ቤትም ዛሬ የዚያው ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል። ግጥሞቹ ደግሞ ከሞተ በኋላ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ ታተሙ።