ከመጽሐፍ ጥረዛ እስከ ኤሌክትሪክ ምርምር፤ የማይክል ፋራዴይ የሕይወት ታሪክ

በፊዚክስ መጽሐፋችን የማይክል ፋራዴይ ስም ከአንድ ሕግ ጋራ ተጽፎ ይገኛል። እኛም ሕጉን ለፈተና እየሸመደድን ሰውየውን ሳናውቀው ብዙ ጊዜ ቆየን። ዘንድሮ ግን ለትምህርት ቤታችን በዓል ጥቂት የኤሌክትሪክና የማግኔት ሙከራዎች ስናዘጋጅ፥ እንዲህ ያለውን ሥራ ከእኛ ይልቅ በድህነት ላይ ሆኖ የሞከረ ልጅ እንደ ነበረ ስለ ተረዳን፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. ከለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ነገር ግን ሕመም ስለሚያጠቃው ዘወትር ለመሥራት አልቻለም። በ1801 የእህል ዋጋ በተወደደ ጊዜ ለልጁ አንድ ዳቦ ለሳምንት ይሰጠው እንደ ነበር ይነገራል። ትምህርቱም ከንባብ፥ ከጽሕፈትና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም።

በ13 ዓመቱ ሪቦ ለሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆነ፤ በሚከተለው ዓመት የጥረዛን ሙያ ለ7 ዓመት ሊማር ተዋዋለ። ጌታው ደግ ሰው ነበርና የሚጠርዘውን መጽሐፍ እንዲያነብ ፈቀደለት። ከነዚህም በአንዱ የኢንሳይክሎፔዲያ ቅጽ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አገኘ። ያነበበውን ዝም ብሎ አላመነም፤ በምትተርፈው ሳንቲም ጠርሙስ ገዝቶ፥ በመፈተግ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ሠራ።

እኛም በቤታችን የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ጠጕር ላይ ፈትገን ወደ ተቀዳደደ ወረቀት ስናስጠጋው፥ ወረቀቱ እየዘለለ ተለጠፈበት። በሐምሌ ግን ይኸው ሙከራ እምቢ አለን። እርጥብ አየር ዕቃውን ስስ ውኃ ስለሚያለብሰው ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ያመልጣል። ይህን ሳናውቅ ጥፋቱን በማበጠሪያው ላይ ጥለን ሌላ መግዛታችንን አንደብቅም።

በ1812 አንድ ደንበኛ በሰጠው መግቢያ ወረቀት በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰማ። የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፥ ሥዕል ጨምሮ፥ በገዛ እጁም ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በማርች 1813 የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በሴፕቴምበር 1821 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ያለማቋረጥ እንዲዞር አደረገ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር መነሻው ይህ ነው። ዳሩ ግን ጽሑፉን ሲያሳትም፥ ስለዚሁ ነገር አስቀድሞ ያስብ የነበረውን የዎላስተንን ስም ሳይጠቅስ ቀረ። ወዲያው ሐሳብ ሰረቀ የሚል ሐሜት ተነሣበት። ዩኒቨርሲቲ ላልገባ የቀጥቃጭ ልጅ ከመልካም ስም በቀር ምን ሀብት ነበረው? በእኛ አስተያየት ስሙን መተዉ ስሕተት ነው፤ ሌባ ግን አያሰኘውም። ዎላስተን ይጠብቅ የነበረው ሽቦው በራሱ ዛቢያ ላይ እንዲሽከረከር ነበርና። ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት በታጨ ጊዜ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ያው ዴቪ ተቃወመው። ሆኖም በ1824 አንድ ድምፅ ብቻ ተቃውሞት ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈው በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አሳየ። የምናጠናውም ሕግ ከዚህ የመጣ ነው። ማግኔቱ ቆሞ ሲቀር ግን ምንም የለም።

ሒሳብ ብዙ ስላልተማረ የማግኔትን ኃይል በመስመር እየሣለ ያስብ ነበር። እኛም ከሞረድ የወደቀ የብረት ብናኝ ለምነን፥ ማግኔት በወረቀት ሸፍነን ብናኙን ነሰነስንበት። ወረቀቱን በጣት መታ መታ ስናደርገው ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየጐበጠ ተሰለፈ። እነዚህን መስመሮች በኋላ ማክስዌል በሒሳብ ጻፋቸው።

በ1836 ደግሞ ቁመቱም ወርዱም 12 ጫማ የሆነ፥ በሽቦ የተጠላለፈ ክፍል ሠርቶ ውስጡ ገባ። ክፍሉ በብርቱ ኤሌክትሪክ ተሞልቶ ከውጭ ብልጭታ ሲዘል፥ እርሱ ከውስጥ ሆኖ ሻማና ረቂቅ መሣሪያ ይዞ ቢፈልግ ምንም የኤሌክትሪክ ምልክት አላገኘም።

ከ1827 እስከ 1860 ባለው ዘመን በገና በዓል ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን ትምህርት 19 ጊዜ አስተማረ። የሰርነት ማዕርግ ቢቀርብለት አልተቀበለም። ኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. አርፎ በለንደን በሃይጌት መቃብር ተቀበረ።