ሻምበል አበበ ቢቂላ መንገድን እንዴት እንደ ተማረ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር የሚኖር ልጅ ወደ ፉሪ ተራራ ቢመለከት፣ ተራራው ቅርብ ይመስለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣው በተነሣ ቀን ግን ነገሩ ሌላ ይሆንበታል። ዳገቱ ገና ሲጀምር ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጉልበቱም ይዝላል። ባልንጀሮቹ ወደ ላይ ሲሔዱ እርሱ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ እግሩም ለመንገድ ያልተፈጠረ ይመስለውና ያዝናል። እንዲህ ያለው ልጅ በራሱ ላይ ከመፍረዱ በፊት የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ቢያነብ ይጠቅመዋል። አበበም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ጀማሪ ሆኖ ነበርና።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚህ ታሪክ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አገሩ ደጋ ነው። በልጅነቱ ከብት ይጠብቅ ነበረ፤ ከእኩዮቹም ጋር የገና ጨዋታ ይጫወት ነበረ። የእረኛ ልጅ መንገድን የሚማረው ሳይታወቀው ነው። ዛሬ ከብቱ የራቀበትን ያህል ይሔዳል፤ ነገ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ይርቃል፤ ማንም አይቈጥርለትም።

ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጣና በክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን ሰው ወታደሮችን ሩጫ ያሠለጥን ነበረ። አበበ ወዲያው ከሁሉ የቀደመ አልነበረም። በጦር ሠራዊት ውድድር ዋሚ ቢራቱ ቀድሞት፣ እርሱ ሁለተኛ ወጥቷል። ስለዚህ ነገር ተስፋ አልቈረጠም፤ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ ይመላለስ ነበረ እንጂ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ዳገት የሚወጣ ሰው ቶሎ የሚያለከልከው ስለዚህም ጭምር ነው እንጂ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። ሰውነት ግን ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ልብ ይጠነክራል፤ በደም ውስጥ ያሉት ቀይ ሴሎችም ይበዛሉ። ይህ የወራት ሥራ ነው። በአንድ ቀን ሊፈጽመው የሚሞክር ሰው እግሩን ይጎዳል፤ ከዚያም በኋላ ተራራ ማየት ያስጠላዋል።

አበበ ማራቶን የሚባለውን የ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው በ1952 ዓ.ም. ክረምት፣ ዕድሜው ወደ 28 ዓመት ሲጠጋ ነበረ። ከአንድ ወር በኋላም ደግሞ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። እንግዲህ ወደ ሮም ከተማ ወደ ኦሊምፒክ ውድድር ሲሔድ፣ ዓለም ስሙን ባያውቀውም እርሱ እግሩን ያውቀው ነበረ።

በሮም የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን አቆሰለው። ለረጅም መንገድ አዲስ ጫማ አድርጎ መነሣት ዛሬም የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ነው። አበበ ጫማውን ትቶ፣ በለመደው በባዶ እግሩ ሊሮጥ ቈረጠ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበረ። በመንገዱ አጋማሽ እርሱና ራዲ የተባለው የሞሮኮ ሰው ከሌሎቹ ተለይተው ጐን ለጐን ይሮጡ ነበር። መሸም፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን አበሩላቸው። አበበ ጉልበቱን ሳያባክን ቈየ። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ ነበረ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ ወደዚህ ሐውልት በደረሰ ጊዜ ፍጥነቱን ጨመረና ራዲን በ25 ሰከንድ ቀደመው። ሩጫውንም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። በማግሥቱ በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ሆነ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ አሸነፈ። ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ስለ ታመመ አቋርጦ ወጣ፤ የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴም አሸነፈ።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 13 ቀን፣ ይነዳት የነበረችው መኪና ተገለበጠችበት። አከርካሪው ተጎዳ፤ እግሮቹም ከዚያ ወዲያ አልታዘዙለትም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደና ወራት ተኛ። በመጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። በቶኪዮ ስላሸነፈው ድል ብዙ ተነግሯል፤ ነገር ግን ከዚያ የሚከብደው ይህ ነበረ። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ የማይደክም የነበረ ሰው፣ አሁን ቀና ብሎ መቀመጥን እንደ ሕፃን ይማር ጀመር። ክንዶቹ ጥቂት በጥቂት ብርታት አገኙ። ከዚያም የወንበሩን መንኰራኵር መግፋት፣ ከዚያም ቀስት መሳብ ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ፣ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና አንደኛ ወጣ። በጃቶ ሜዳ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለ በረዶ ከየት ያውቃል?

በሙኒክ የተደረገው ኦሊምፒክ በተጠራበት ጊዜ በእንግድነት ሔደ። ሕዝቡም በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲያየው ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያ የነበረው የማራቶን ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሆነ፤ በሮም በባዶ እግሩ ከሮጠ ልክ 12 ዓመት ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ሸኘው፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብርም ተቀበረ።