አንሪ ፋዮልና የዕዝ ሰንሰለት

በ1861 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አገር፣ በኮማንትሪ የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ በአንድ ጉድጓድ ስድስተኛ እርከን የሚሠራ ፈረስ እግሩ ተሰበረ። በሥፍራው የነበረው ወጣት መሐንዲስ ሌላ ፈረስ እንዲተካ ትእዛዝ ጻፈ። ባልደራሱ ግን የሥራ አስኪያጁ ፊርማ የሌለበትን ወረቀት አልቀበልም አለ። ሥራ አስኪያጁ በቦታው አልነበረም፤ ተተኪም አልሰየመም። ልመናው ሁሉ ከንቱ ሆኖ የእርከኑ ምርት ባከነ። ባልደራሱ የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር ያጠፋው ነገር አልነበረም። ጉድለቱ የአወቃቀሩ ነበርና ወጣቱ ሥልጣን ምን ጊዜም ወኪል ሊያጣ እንደማይገባ ተገነዘበ።

ይህ ወጣት አንሪ ፋዮል ነበር። በ1841 በቁስጥንጥንያ ተወልዶ፣ በ1860 ከሴንት ኤቲየን የማዕድን ትምህርት ቤት እንደ ተመረቀ በኮማንትሪ ሥራ ያዘ። በጉድጓድ ውስጥ የሚነሣውን የከሰል ቃጠሎ በመመርመርና በመከላከል ከታወቀ በኋላ በ1866 የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1888 ኩባንያው ሊወድቅ በተቃረበበት ሰዓት የበላይ አመራሩን ተረክቦ፣ በ1918 ጡረታ ሲወጣ በጽኑ የገንዘብ አቋም ላይ አስረከበው። ፋዮል ውጤቱን የራሱ የምሕንድስና ችሎታ ፍሬ አላደረገውም፤ ማዕድኑና ፋብሪካዎቹ እነዚያው ሳሉ የተለወጠው የአስተዳደሩ ዘዴ መሆኑን አስረዳ።

ይህንኑ ዘዴ በ1916 በማዕድን ኢንዱስትሪ ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመ። ከአሥራ አራቱ መርሆች አንዱ፣ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ነው የሚል ነው። ስለዚህም አሜሪካዊው መሐንዲስ ቴይለር አንዱን ሠራተኛ ለስምንት ፎርማኖች ያስገዛበትን አደረጃጀት አልተቀበለውም። ሁለተኛው፣ ከላይ እስከ ታች የተያያዘው የዕዝ ሰንሰለት ነው። ይሁን እንጂ የሁለት ክፍሎች ባልደረቦች ለሚነጋገሩበት ጉዳይ ሁሉ ደብዳቤ እስከ ጫፍ ወጥቶ ቢወርድ ሥራ ይጓተታል። በመሆኑም ፋዮል ድልድይ ዘረጋ፤ ይኸውም ሁለቱ አለቆች ፈቅደውላቸው ባልደረቦቹ በቀጥታ እንዲስማሙ፣ የተስማሙበትንም ወዲያው ለአለቆቻቸው እንዲያስታውቁ ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራው ይፋጠናል፤ ሰንሰለቱም አይበጠስም።

ፋዮል ከጡረታ በኋላም አላረፈም። በ1921 የፈረንሳይን የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን መሥሪያ ቤት መርምሮ፣ የበላዩ ሹም ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥና የረጅም ጊዜ ዕቅድ እንደሌለ አሳየ። በኮማንትሪ ጉድጓድ አለቃው በመታጣቱ የአንድ እርከን ምርት ቀርቶ ነበር፤ በዚህ ትልቅ መሥሪያ ቤት ግን አለቃ ሥራውን ሳያውቅ እየመጣ ሳያውቅ ይሄድ ነበር።

ፋዮል በ1925 አረፈ። መሐንዲስ ማሽን ሲተክል መለዋወጫውን አስቀድሞ ያስባል። የፋዮል ትምህርት ለሥልጣንም ይኸው ጥንቃቄ እንዲደረግ ነው፤ አለቃው በማይኖርበት ቀን በማን ፊርማ ፈረሱ እንደሚተካ አስቀድሞ ያልተወሰነበት ድርጅት አወቃቀሩ ገና አልተፈጸመም።