ካርል ፒርሰን እና የድርሻዎች ተዛምዶ

ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1857 በለንደን ተወለደ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንቶ በ1879 በማዕረግ ፈተናው ሦስተኛ ወጣ። በጀርመን ትምህርቱን ከቀጠለና ሕግንም ካጠና በኋላ፣ በ1884 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተግባራዊ ሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። ከሥነ እንስሳት ተመራማሪው ራፋኤል ዌልደን ጋር መሥራቱም ትኩረቱን ወደ ሕያዋን ፍጥረታት ልኬት መለሰው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የተዛምዶ መለኪያና በ1900 ያሳተመው የካይ ስኩዌር ፈተና የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ግን የ1897 ሥራው ነው። እርስ በርስ የማይዛመዱ ሦስት የአጥንት ልኬቶች ቢኖሩና ሁለቱ ለሦስተኛው ቢካፈሉ፣ በተገኙት ሁለት ንጥጥሮች መካከል ሐሰተኛ ተዛምዶ ይፈጠራል፤ የልኬቶቹ አንጻራዊ ልዩነት እኩል ከሆነ ተዛምዶው ወደ 0.5 ይጠጋል። ምንጩ ተፈጥሮ ሳይሆን የጋራው አካፋይ ነው።

ማስጠንቀቂያው ስልታዊ መፍትሔ ያገኘው ጆን አይቺሰን በ1982 የንጥጥር ሎጋሪዝምን ሲያቀርብ ነው። በረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት ደግሞ የዝርያ ሐረግ ዛፍ ለስሌቱ መዋቅር ይሆናል፤ በእያንዳንዱ መገንጠያ፣ የሁለቱ ቅርንጫፎች ድርሻዎች ጂኦሜትሪያዊ አማካዮች ንጥጥር በሎጋሪዝም ተለውጦ በቅርንጫፎቹ የዝርያ ብዛት ይመዘናል። ለመመለስ የመገንጠያዎቹ ዋጋዎች በዛፉ መሠረት ለየዝርያው ይደመራሉ፤ ከዚያም ሎጋሪዝሙ ይገለበጣል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ውጤት ለጠቅላላው ድምር ይካፈላል።

በዚህ መንገድ ድርሻዎቹ ሳይጓደሉ ይመለሳሉ። የማይመለሰው ጠቅላላ መጠኑ ነው፤ እርሱ ልኬቱ ወደ ድርሻ ሲለወጥ ጠፍቷልና። የዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለም፣ በዜሮ ፈንታ የተተካው ትንሽ ቁጥር ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ተመራማሪው በተመለሰው ድርሻ ላይ ብቻ ተመሥርቶ አንድ ዝርያ በቁጥር ጨመረ ቢል፣ ፒርሰን ወዳስጠነቀቀበት ስሕተት ይመለሳል።

ፒርሰን ራሱ በሌላ መስክ ይህን ጥንቃቄ አልጠበቀም። በ1911 የዩጀኒክስ ፕሮፌሰርነትን ይዞ፣ ልኬትን የሰው ዘሮችን ለማበላለጥ ተጠቀመበት። በ1936 ሞተ፤ ኮሌጁም በ2020 ስሙን ከሕንፃው ላይ አነሣ። የ1897 ሥራው ግን ድርሻን በሚተነትን ሰው ሁሉ ዘንድ መነበብ ይገባዋል።